ከወረታ በብስክሌት፤ ሦስት መንገድና ሦስት ትምህርት

አገርን ማየትና በአገር ላይ ማለፍ አንድ አይደሉም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር በአውቶቡስ የሚገሠግሥ መንገደኛ በወረታ ያልፋል እንጂ ወረታን አያያትም። የፎገራ ሜዳ በመስኮቱ አጠገብ እየሸሸ ይቀራል፤ ዳገቱንም ሞተሩ ይወጣለታል እንጂ እርሱ አይወጣውም። በእግሩ የሚሄደው ደግሞ ሁሉን ያያል፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ሩቅ አይደርስም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የምትገኘው መሣሪያ ብስክሌት ናት። የተወደዳችሁ አንባብያን፥ ከወረታ ከተማ የሚወጡትን ሦስት መንገዶች በብስክሌተኛ ዓይን እንድትመለከቱልን በዚህ ጽሑፍ እንጋብዛችኋለን።

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለችም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ውድድር በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ አቶ ገረመው ደምቦባ ቀጥሎ በተደረገው በሮም ኦሊምፒክም ተወዳድረዋል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ገብረማርያም ቱር ደ ፍራንስ በተባለው ታላቅ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ለመሆን በቅቷል። ከካይሮ ተነሥቶ እስከ ኬፕታውን የሚዘልቀው የብስክሌት ጉዞም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው በዚሁ መንገድ አልፏል። የሩቅ አገር ሰው ባሕር ተሻግሮ በጉልበቱ የጎበኘውን ምድር፥ የአገሩ ልጅ ሳያውቀው ቢያረጅ ይቆጫል።

ወረታ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በፎገራ ሜዳ ላይ የተቀመጠች የመንገዶች መገናኛ ናት። በስተ ምዕራቧ ጣና ሐይቅ ይገኛል፤ በስተ ምሥራቋ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ አለ። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና እየመነጩ አፈሩን ጠርገው ያመጣሉ፤ ወደ ጣና ሲቃረቡም ጉልበታቸው ይደክምና ደለሉን በሜዳው ላይ ይተዉታል። ሜዳው እንዲህ የተዘረጋና ለም የሆነው ከብዙ ዘመን የወንዝ ሥራ የተነሣ ነው። በክረምት ሁለቱ ወንዞች ሞልተው ከዳርቻቸው ሲወጡ ማሳው ውኃ ይለብሳል፤ ቤትም ከብትም የሚጎዳበት ዓመት አለ። ቀድሞ ይህ ሜዳ የታወቀው የፎገራ ከብት በሚባለው ወተታም ዝርያ ነበር። በደርግ ዘመን ሩዝ መዘራት ከጀመረ በኋላ ግን ብዙው የግጦሽ መሬት ማሳ ሆነ፤ ዛሬ ፎገራ ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ሩዝ ነው።

ብስክሌተኛው በዚህ ሜዳ ላይ የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኛል። መንገዱ ለጥ ያለ ስለ ሆነ እግር አይደክምም፤ ነገር ግን ጥላ የለም፥ ከቀትር በኋላም ነፋስ ከፊት ሲመጣ ፔዳሉ ይከብዳል። ገበሬው ይህን ሁሉ ችሎ፥ ጎርፉንና ወባውን ታግሦ እዚህ የተቀመጠው እንጀራው ከዚህ አፈር ስለሚወጣ ነው።

ከወረታ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ጉማራን ተሻግሮ ወደ ሐሙሲት ያደርሳል። ከሐሙሲት ወደ ሐይቁ በሚገነጠለው መንገድ ቆራጣ ይገኛል። ቆራጣ በጣና ዳርቻ ያለ የጥንት የንግድ ስፍራ ሲሆን፥ ከቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ይህች ቅድስት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክ ሃይማኖት በታወጀ ጊዜ የአባቶቿን ሃይማኖት አልለቅም ብላ መሰደዷን፥ እንደ እርሷ ያሉትንም ሰብስባ በጣና ዙሪያ ማኅበር ማቋቋሟን ገድሏ ይመሰክራል። ዕረፍቷ በ1635 ዓ.ም. ነው፤ መቃብሯም ሬማ በተባለችው ደሴት ይገኛል። ወደ ቆራጣ የሚሄድ ሰው መነኮሳቱ ስለ ምን ውኃን እንደ መረጡ ያስተውላል፤ ፈረሰኛ የማይደርስበትን ስፍራ ታንኳ ያደርስ ነበርና።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ርብን ተሻግሮ፥ ከወረታ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲደርስ አዲስ ዘመን ከተማ ትገኛለች። እዚህ ላይ ሜዳው ያልቅና ምድሩ ይወጣና ይወርድ ጀመር። ከከተማዋ አጠገብ ባለው ተራራ ላይ ታራ ገዳም በደን ተከብቦ ይታያል። ዙሪያው ታርሶ ሳለ ይህ ደን የቀረው በገዳሙ ጥበቃ ነው። በፀሐይ ሲነድ የቆየ ብስክሌተኛ ወደዚያ ጥላ ሲጠጋ የደኑን ዋጋ ሌላ ሰው ሊነግረው አያስፈልግም።

መንገዱ ሲቀጥል እንፍራዝ ይደርሳል፤ በዚያም በኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ቆሟል። ይህ ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት የነገሡት የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል። የግራኝ አሕመድ ጦርነት በ1535 ዓ.ም. ከጣና በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ ካበቃ በኋላ ነገሥታቱ ወደዚህ አገር እያዘነበሉ መጡ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቈረቍሩም መንገዱ አስቀድሞ ተጠርጎላቸው ነበር ማለት ይቻላል። ከጉዛራ ኮረብታ ላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ ቢመለከቱ ሜዳውና ጣና ከእግር በታች ይታያሉ። ንጉሥ የሚመጣበትን ከሩቅ ማየት ይፈልጋል።

ሦስተኛው መንገድ ወደ ምሥራቅ ነው። በደርግ ዘመን በቻይና ርዳታ ተሠርቶ እስከ ወልድያ የሚዘልቀው ይህ መንገድ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ርቀቱ ከ40 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ነገር ግን ከ1,800 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ እስከ 2,700 ሜትር ገደማ ይወጣል። በዚህ ዳገት ላይ ብስክሌተኛው ማርሹን አቅልሎ፥ ትንፋሹን መጥኖ፥ በትዕግሥት ከመርገጥ በቀር ሌላ ብልሃት የለውም።

ከላይ ሲደርስ ግን በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ይጠብቀዋል። በ1847 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከአውሮፓ በመጡ የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩት በዚህ ስፍራ ነው። መድፉ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ይህን ብረት በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ስድስት ወር ያህል ተጉዘው መቅደላ አደረሱት። መንገድ ባልነበረበት ገደል መንገድ እያስጠረጉ፥ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ እንደ ሠሩ በወቅቱ የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። አንዲት ቀላል ብስክሌት ወደ ደብረ ታቦር ለማውጣት ላቡን ያፈሰሰ ወጣት የዚያን ሥራ ክብደት ከመጽሐፍ አንባቢው ይልቅ ይረዳዋል።

እንግዲህ ገበሬው ሜዳውን፥ መነኩሴው ደሴቱንና ደኑን፥ ንጉሡ አምባውን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ እንጀራን፥ ሁለተኛው ጸጥታን፥ ሦስተኛው ጥበቃን ፈለገ። ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት በቃል ማጥናት ይቻላል፤ በእግር የተማሩት ግን ቶሎ አይረሳም። ለልጁ ብስክሌት ለመግዛት የሚያስብ ወላጅም መጫወቻ ብቻ ሳይሆን አገር ማወቂያ እየገዛ እንደ ሆነ ቢገነዘብ መልካም ነው።

ለዚህ ጉዞ ከመስከረም በኋላ ያለው ወራት ተመራጭ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሩዙ ሲታጨድ ሜዳው ወርቅ ይመስላል። በማለዳ መነሣት፥ ውኃ መያዝ፥ ትርፍ ከመነዳሪና መንፊያ አለመርሳት ይገባል። ለስንቅ በሶና ቆሎ ይበቃሉ፤ ሁለቱም ለጾም የሚሆኑ ናቸው። እስከ ሰዓቱ የሚጾም ሰው ግን ረጅሙን ዳገት ለሌላ ቀን ያቆየው፤ የሚያጠራጥረው ነገር ቢኖር የንስሓ አባቱን ይጠይቅ። ከደብረ ታቦር ቁልቁል ሲወርዱ ፍሬኑን አንድ ጊዜ አጥብቆ ከመያዝ እየያዙ መልቀቅ ይሻላል። ከባድ መኪና የሚመላለስበት መንገድ ስለ ሆነ ቀኝ ዳር ይዞ መሄድ፥ ራስንም በሄልሜት መሸፈን ግድ ነው፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ በዚህ አውራ ጎዳና ብቻውን መለቀቅ የለበትም። ወደ ገዳም የሚገባም ብስክሌቱን ከቅጥሩ ውጭ አቁሞ፥ ፈቃድ ጠይቆ ይግባ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሰላም ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው የትጥቅ ግጭት ምክንያት በእነዚህ መንገዶች ላይ መጓዝ የሚያስፈራበት፥ መንገዱም የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ሆኗል። ስለዚህ ማንም ሰው የአካባቢውን ሽማግሌዎች ሳይጠይቅና ስለ ደኅንነቱ ሳያረጋግጥ እንዳይነሣ አጥብቀን እንመክራለን። ጉዞው ለሌላ ዓመት ቢቆይ ግንቡ አይሸሽም፥ ተራራውም አይሄድም፤ የልጅ ሕይወት ግን አይተካም።

እስከዚያው ወላጆች ልጆቻቸውን በቤታቸው አጠገብ ባለች አጭር መንገድ ያለማምዷቸው፤ የአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን መቼ እንደ ተሠራች፥ ወንዙ ከየት እንደሚመነጭ፥ ኮረብታው ስለ ምን ያን ስም እንደ ያዘ አያቶቻቸውን ይጠይቁ ዘንድ ይላኳቸው። መንገዱ በሰላም በተከፈተ ቀን ከወረታ የሚነሣው ወጣት ዓይኑ የሠለጠነ፥ ጉልበቱም የጠነከረ ሆኖ ይገኛል። ያን ቀን እግዚአብሔር ያቅርብልን።