ቴርሞፕላስቲክና ቴርሞሴት፦ የሕክምና መገልገያዎች ሙቀት ሲያገኛቸው

በጤና ተቋማት ከሚገኙ መገልገያዎች ብዙዎቹ በጅምላ “ፕላስቲክ” ተብለው ይጠራሉ። ሆኖም ይህ አንድ ስም ጠባያቸው የማይመሳሰል ሁለት የቁስ ወገኖችን፣ ማለትም ቴርሞፕላስቲክንና ቴርሞሴትን አጠቃልሎ ይይዛል። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው ሙቀት ሲያገኛቸው ነው። ጀርሞችን ማምከን፣ ስብራትን መደገፍና ቆሻሻን ማስወገድ ከሙቀት ጋር የተያያዙ ሥራዎች በመሆናቸው፣ ልዩነቱን ማወቅ ለሕሙማን ደኅንነት ይጠቅማል።

የሁለቱ ጠባይ

ሁለቱም ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ያሏቸው ቁሶች ናቸው። በቴርሞፕላስቲክ ውስጥ ሰንሰለቶቹ ጎን ለጎን የተኙና በደካማ መሳሳብ ብቻ የተያያዙ በመሆናቸው፣ ቁሱ እንደ ሰም ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይጠጥራል። ፖሊፕሮፒሊን፣ ፖሊኢቲሊን፣ ፖሊስታይሪንና ፒቪሲ ከዚህ ወገን ናቸው። በቴርሞሴት ውስጥ ግን ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ በጠንካራ ኬሚካዊ ትስስር ተሳስረው አንድ መረብ ይሆናሉ። እሳት የነካው ሸክላ ተመልሶ ጭቃ እንደማይሆን ሁሉ፣ ቴርሞሴትም አንዴ ከጠጠረ በኋላ አይቀልጥም፤ ሙቀቱ እጅግ ሲበዛ ይከስላል። ሊዮ ቤይክላንድ በ1907 እ.ኤ.አ. የሠራው ቤክላይትና ኤፖክሲ የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። ሲሊኮን ጎማም ቢለመጥም ውስጡ በመረብ የተሳሰረ ነው።

ጀርሞችን በማምከን ረገድ

አውቶክሌቭ በአብዛኛው በ121 ወይም በ134 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሠራል። ፖሊፕሮፒሊን የሚቀልጠው በ160 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ የአውቶክሌቭን እንፋሎት ይቋቋማል። ይኸው ዕቃ ከ160 እስከ 170 ዲግሪ በሚደርስ የደረቅ ሙቀት ምድጃ ውስጥ ቢገባ ግን ይቀልጣል። የፖሊስታይሪን ፔትሪ ዲሽ በአውቶክሌቭም ቢሆን ቅርጹን ያጣል። ሲሊኮን ሁለቱንም ዘዴዎች በአመዛኙ ይቋቋማል። የተፈጥሮ ጎማ በመረብ የተሳሰረ ቢሆንም፣ በተደጋጋሚ ሙቀት አርጅቶ ይሰነጠቃል። በመሆኑም የአምራቹን መመሪያ የሚተካ ነገር የለም። በትንሹ የተጣመመ ማገናኛ እንኳ አየር ሊያስወጣ ይችላል።

ሙቀትን መቋቋም ማለት ግን ደግሞ ለመጠቀም መፈቀድ ማለት አይደለም። ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ ሲሪንጅ ከአውቶክሌቭ ቅርጹን ሳይቀይር ቢወጣም፣ የአንድ ጊዜ መገልገያ በመሆኑ ለሌላ ሕመምተኛ መዋል የለበትም።

በስብራት ሕክምና

የፋይበርግላስ ማሰሪያ ውኃ ሲነካው የሚጠጥር የፖሊዩሬቴን ቴርሞሴት ነው። ሲጠጥር ሙቀት ስለሚያመነጭ፣ የሞቀ ውኃ መጠቀም፣ ብዙ ድርብ መጠቅለልና ሳይቀዘቅዝ በትራስ ላይ ማሳረፍ ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል። ከጠጠረ በኋላ ቆዳ የሚጫን ከሆነ በሙቀት ማስተካከል ስለማይቻል ተቆርጦ እንደገና ይሠራል። በሞቀ ውኃ የሚለሰልሱት የቴርሞፕላስቲክ መደገፊያዎች ግን ደጋግመው ሊስተካከሉ ይችላሉ። በስኳር በሽታ ወይም በሥጋ ደዌ ምክንያት የስሜት መቀነስ ያለበት ሕመምተኛ መቃጠሉን ላያውቅ ስለሚችል፣ መደገፊያው በሰውነቱ ላይ ከመደረጉ በፊት ሙቀቱ መፈተሽ አለበት። መደገፊያውን ከእሳት አጠገብ ወይም በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ እንዳይተውም ሊነገረው ይገባል።

በአጥንት ቀዶ ሕክምና የሚያገለግለው የአጥንት ሲሚንቶም እየጋለ የሚጠጥር ቢሆንም፣ ዋና ቁሱ የሆነው ፖሊሜቲል ሜታክሪሌት ሰንሰለቶቹ በመረብ ያልተሳሰሩ ቴርሞፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ቴርሞሴትን የሚለየው በሙቀት መጠጠሩ ሳይሆን የመረቡ ትስስር ነው።

ቆሻሻን በማስወገድ ረገድ

ቴርሞሴት ቀልጦ ሌላ ዕቃ ሊሆን አይችልም። ቴርሞፕላስቲክ ሊቀልጥ ቢችልም፣ በደም የተበከለው አስቀድሞ ከጀርም ነጻ መሆን አለበት። ፒቪሲ ክሎሪን ስላለው በዝቅተኛ ሙቀት ወይም በሜዳ ላይ ሲቃጠል ሃይድሮጂን ክሎራይድና ዳይኦክሲን የተባሉ ጎጂ ውህዶችን ሊለቅ ይችላል። ስለሆነም የደም ከረጢትና የፒቪሲ ቱቦ ለይቶ ማስወገድ ተገቢ ነው።

ማንኛውም መገልገያ ሙቀት ከማግኘቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል፤ ከምን ተሠራ? የትኛውን የሙቀት ዓይነትና መጠን ይቋቋማል? ተደጋግሞ እንዲያገለግል ታስቦ ተሠርቷልን? ለሦስቱም አጥጋቢ መልስ ያልተገኘለት ዕቃ ወደ ሕመምተኛ መድረስ የለበትም።