ሩጫና ስደት፤ አቅምን መጥኖ መጓዝ

በዛሬው አምዳችን ስለ ረጅም ርቀት ሩጫ እናወራለን። «ራሽን በማይበቃበት ካምፕ ውስጥ ስለ ሩጫ ማውራት ምን ይባላል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ወደ ታች እንመለስበታለን። በመጀመሪያ ግን እንደ እኛው «ስደተኛ» የሚለውን ስም ይዘው የሮጡ ሁለት ወገኖቻችንን እናስተዋውቃችሁ።

አንደኛው ዮናስ ክንዴ ነው። ከአገሩ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 በሉክሰምበርግ ከለላ አገኘ። እዚያም ፈረንሳይኛ እየተማረ፣ ታክሲ እየነዳ ኑሮውን ይገፋ ነበር። ልምምዱን የሚሠራው ከዚያ በተረፈችው ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የፍራንክፈርት ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ጨረሰ። ሰዓቱ ለኦሎምፒክ የሚያበቃ ቢሆንም የሉክሰምበርግ ዜግነት ስላልነበረው በዚያች አገር ስም መሰለፍ አልቻለም። እግሩ ደረሰ፣ ወረቀቱ አልደረሰም። ይሄን ለካምፕ ሰው ማብራራት አያስፈልግም።

በዓመቱ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ለመጀመሪያ ጊዜ 10 ስፖርተኞች ያሉበት የስደተኞች ቡድን ሲያቋቁም ዮናስ አንዱ ሆነ። ሪዮ ላይ በ36 ዓመቱ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ፈጽሞ 90ኛ ወጣ። ሜዳሊያ አላገኘም፤ የጀመረውን ግን ጨርሷል።

ሁለተኛዋ ፋሪዳ አባሮጌ ናት። አገር ቤት ሳለች ካራቴና እግር ኳስ ትጫወት ነበር እንጂ ሯጭ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ2016 ተሰዳ በሱዳንና በግብፅ አልፋ ሊቢያ ውስጥ ታሰረች፤ በ2017 ፈረንሳይ ገባች። ሩጫን የያዘችው እዚያ፣ በዕቃ መጋዘን እየሠራች ነው። በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ በስደተኞች ቡድን በ1,500 ሜትር ሮጠች። ለፍጻሜው አልደረሰችም።

ይህን ስንጽፍ «ሩጡና አውሮፓ ግቡ» ማለታችን አይደለም። ከተማሪዎቻችን መካከል መጠበቅ ሰልችቷቸው የሊቢያን መንገድ የጀመሩ አሉ። ከነሱም ውስጥ እስከ ዛሬ ድምፃቸውን ያልሰማነው አሉ። ፋሪዳ የታሰረችው በዚያው መንገድ ላይ ነው። ጎበዝ ያደረጋት ሊቢያ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ያደረገችው ልምምድ ነው።

ከሩጫ የምንማረው ዋናው ነገር አቅምን መመጠን ነው። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ገና ሲጀመር እንደ ጥይት የሚወነጨፍ ሰው በሰውነቱ ያጠራቀመውን ስኳር ቶሎ ይጨርስና 30ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ እግሩ ይከዳዋል። እኛም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ተከዜን ተሻግረን ሐምዳይት ስንገባ ብዙዎቻችን «በሳምንታት እንመለሳለን» ብለን ነበር። ሳምንቱ ዓመታት ሆነ። በ2023 ደግሞ የተጠለልንባት ሱዳን ራሷ ጦርነት ውስጥ ገባች። ልባችንን ሁሉ «ነገ እንሄዳለን» በሚለው ላይ ያዋልን ሰዎች ቶሎ ደከምን።

በእርግጥ ልዩነት አለ። የማራቶን ሯጭ መጨረሻው የት እንደሆነ ያውቃል፣ እኛ አናውቅም። ስለዚህ ለእኛ የሚጠቅመን የመጨረሻውን መስመር ማሰብ ሳይሆን የዛሬዋን ድርሻ መጨረስ ነው። አንድ ገጽ ማጥናት፣ አንድ ልጅ ፊደል ማስቆጠር፣ አንድ ዙር መሮጥ ከዛሬ ድርሻ ይቆጠራሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አሁን ወደ ራሽኑ ጥያቄ እንመለስ። በቂ ምግብ ያላገኘ፣ ከወባ ገና ያገገመ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት መሮጥ የለባቸውም። አቅም ለፈቀደላቸው የእግር ጉዞም ይበቃል። ለመጀመር የሚፈልግ ጤነኛ ሰው ግን የሚከተለውን ይያዝ። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ፣ አንድ ቀን እያሳለፈ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ሳትበረታ ይውጣ። አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያለ ለ20 ደቂቃ ይሥራ። ከጓደኛው ጋር ማውራት ካቃተው ፈጥኗል ማለት ነውና ቀስ ይበል። በገዳሪፍ ሙቀት ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ ወዲያው አቁሞ ጥላ ይያዝ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ገላውንም በውሃ ያቀዝቅዝ። ካልተሻለው ወይም ከተምታታበት ሳይዘገይ ወደ ክሊኒክ ይወሰድ። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር ጫማ ይይዛል፣ ያንሸራትታልም፤ በዚያን ጊዜ በእርምጃ መወሰን ይሻላል። ከካምፑ ሳንርቅ፣ ብርሃን ሲሆን፣ በቡድን እንሩጥ። ሴት ልጆቻችንም አብረው ይውጡ፤ የሚስቅባቸው ካለ የፋሪዳን ታሪክ ይንገሩት።

ጫማ የሌለው ከእርምጃ ይጀምር፤ እሾህና ድንጋይ ያለበትን ቦታ ይለይ። ሰዓት የሌለው ደግሞ እርምጃውን ይቁጠር፤ ትናንት ሁለት መቶ የቆጠረ ዛሬ ሁለት መቶ አሥር ከቆጠረ በቂ ነው።

ቸር ያሰማን።