ጠብታውና ቋንቋው፦ በዓይን ክሊኒክ ለማገልገል ወደ ጓቲማላ ለምትሄዱ

 

በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚማሩ ወጣቶች መካከል የእረፍት ጊዜያቸውን ላቲን አሜሪካ ሄደው ስፓኒሽ እየተማሩ፣ ጎን ለጎንም በክሊኒክ በነፃ እያገለገሉ የሚያሳልፉ አሉ። ልጁ ወይም እህቱ ይህን ጉዞ ያሰበ ቤተሰብ በእናንተም መካከል ይኖር ይሆናል። ዛሬ በዓይን ክሊኒክ ለማገልገል የሚሄድ ሰው ምን ማወቅ እንዳለበት እንመለከታለን። ከሻንጣ ሙሉ መድኃኒት በፊት የሚያስፈልገው ቋንቋ ነው።

ለምን ጓቲማላ?

አንቲጓ የተባለችው የጓቲማላ ጥንታዊ ከተማ በስፓኒሽ ትምህርት ቤቶቿ ትታወቃለች። አንድ አስተማሪ አንድ ተማሪ ብቻ ይዞ ያስተምራል፤ ተማሪው ብዙውን ጊዜ የሚያድረው ከአገሬው ቤተሰብ ጋር ነው። ጠዋት ተምሮ ከሰዓት በኋላ ማገልገል ይቻላል።

ሀገሪቱ በዓይን ሕክምና ታሪክም ስሟ ይነሳል። ጓቲማላዊው ሐኪም ሮዶልፎ ሮብሌስ እ.ኤ.አ. በ1915 ኦንኮሰርካ የተባለውን፣ በጥቁር ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውንና ዓይን የሚያጠፋውን የትል በሽታ በዚያ አገኙት። በሽታው በኛም ሀገር ምዕራባዊ ክፍል ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ጓቲማላ ከበሽታው ነፃ መሆኗን ያረጋገጠው በ2016 ነው። ለዚህ ውጤት ሕዝቡ አይቨርሜክቲን የተባለውን መድኃኒት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለዓመታት ውጧል። ጤነኛ ነኝ የሚል ሰው መድኃኒት እንዲውጥ ደግሞ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል።

አራት ቃላት

የሕክምና ፈቃድ የሌለው በጎ ፈቃደኛ የሰው ዓይን አይነካም። ሥራው መመዝገብ፣ ተራ ማስያዝና የእይታ ምርመራን ማገዝ ነው። ፊደል ለማያውቅ ታካሚ የሚቀርበው ሰሌዳ እግሯ በአራት አቅጣጫ የሚዞር አንዲት «ኢ» ፊደል የተደረደረችበት ነው። ታካሚው የፊደሏ እግሮች ወዴት እንደዞሩ ይናገራል፤ አሪባ (ወደ ላይ)፣ አባሆ (ወደ ታች)፣ ዴሬቻ (ወደ ቀኝ)፣ ኢስኪየርዳ (ወደ ግራ)። እነዚህ አራት ቃላት ቀላል ይመስላሉ። ነገር ግን ቀኝና ግራን አዛብቶ ካርድ ላይ መጻፍ ሐኪሙን ወደ ጤነኛው ዓይን ሊመራ ይችላል።

«ዋንስ» እና «ኦንሴ»

እኛ ፋርማሲስቶች የምንፈራው ስህተት አለ። በእንግሊዝኛ «ዋንስ» ማለት «አንድ ጊዜ» ነው። ይኸው ቃል በላቲን ፊደል አጻጻፉ ሳይለወጥ በስፓኒሽ «ኦንሴ» ተብሎ ይነበባል፤ ትርጉሙም አሥራ አንድ ነው። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተለጠፈበትን መድኃኒት ስፓኒሽ ብቻ የሚያነብ ሰው አሥራ አንድ ጊዜ ሊወስደው ይችላል። ይህ በአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች የታወቀ አደጋ ነው።

ስፓኒሽም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። በጓቲማላ 22 የማያ ሕዝብ ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ ስፓኒሽ የማይሰሙ አረጋውያን አሉ። መመሪያውን አብሯቸው ለመጣው የልጅ ልጅ ንገሩት፤ ለአያቱ ያስረዳ፤ ከዚያም እሳቸው የገባቸውን መልሰው ይናገሩ። ጭንቅላታቸውን ስለነቀነቁ ብቻ ገብቷቸዋል አትበሉ።

መድረሳ የተማረ ይቀለዋል

ስፓኒሽ ከዐረብኛ ብዙ ቃላት ወስዷል። ሽሮፕ «ሐራቤ» ይባላል፤ ከ«ሸራብ» የመጣ ነው። ጥጥ «አልጎዶን» ነው፤ «አል-ቁጥን»። ዘይት «አሴይቴ»፤ «አዝ-ዘይት»። አልኮል የሚለው ቃል ራሱ መነሻው «አል-ኩሕል»፣ የዓይን ኩል ነው። ስለ ኩል ካነሳን፣ አንዳንዱ እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ስላለበት ለሕፃናት ዓይን አትቀቡ።

ከቤተሰብ ጋር ለሚያድር ደግሞ አንድ ቃል እንጨምር፤ «ማንቴካ»። በጓቲማላ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ስብ ማለት ነው። ባቄላ ሊጠበስበት ስለሚችል ከመብላታችሁ በፊት «ኮን ማንቴካ ኦ ኮን አሴይቴ?» (በስብ ነው ወይስ በዘይት?) ብላችሁ ጠይቁ።

የዓይን ጠብታ አጠቃቀም

በየትኛውም ሀገር፣ በየትኛውም ቋንቋ መነገር ያለበት ይህ ነው፦

1. እጅን በሳሙና መታጠብ።
2. ቀና ብሎ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ በማድረግ አንድ ጠብታ ብቻ መጨመር። የጠርሙሱ ጫፍ ዓይን እንዳይነካ።
3. ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለ2 ደቂቃ ያህል በጣት መጫን። ይህ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ይረዳል።
4. ሁለት ዓይነት ጠብታ ከታዘዘ በመካከላቸው ቢያንስ 5 ደቂቃ መጠበቅ።
5. ብዙዎቹ ጠብታዎች ከተከፈቱ ከ4 ሳምንት በኋላ ይጣላሉ። የሌላ ሰው ጠብታ አይወሰድም።

ስቴሮይድ ያለባቸውን ጠብታዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጠቀም የዓይን ግፊትን ጨምሮ ለግላኮማ ይዳርጋል፤ የዓይን ሞራንም ያመጣል። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሕመም ቢጠናበት፣ ዓይኑ ይበልጥ ቢቀላ ወይም እይታው ቢቀንስ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መመለስ አለበት። ስለዚህ «ሜ ዱዌሌ» (ያመኛል) የሚለውን ቃል ሳታውቁ ክሊኒክ አትግቡ።

ከመሄዳችሁ በፊት ክሊኒኩን ሁለት ነገር ጠይቁ፤ እኛ ከተመለስን በኋላ ታካሚዎቹን ማን ይከታተላል? ቋንቋ እስክንለምድስ ምን ሥራ ይሰጠናል? ግልጽ መልስ የማይሰጥ ክሊኒክ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። በጎ ፈቃድ ቢኖርም ያልተረዳነውን ሰው በአግባቡ ልናገለግለው አንችልም።