የአስተማሪ አያያዝና የተማሪ ዕድል

አስተማሪ በደብዳቤ ይመጣል፤ በደብዳቤም ይሄዳል። በሁለቱ ደብዳቤዎች መካከል እንዴት እንደተያዘ ግን የሚታየው በተማሪው ደብተር ላይ ነው። እኛ በአዲ አርቃይ በኩል ያደግን ተማሪዎች ይህን ከመጽሐፍ አላገኘነውም።

አዲስ የተመደበ አስተማሪ ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ቆላው ሲቀበለው፣ በልቡ ሦስት ጥያቄ አለ፦ የት አድራለሁ? ምን አስተምራለሁ? መቼ እዛወራለሁ? ለእነዚህ መልስ መስጠት የዲሬክተሩና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው።

በተማርንበት ትምህርት ቤት አንድ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሒሳብ እንዲያስተምሩ ተመደቡ። ማታ ያጠኑትን ጠዋት ያስተምሩን ነበር። ዲሬክተሩ አንድ ቀን እንኳ ክፍላችን ሳይገቡ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጧቸው፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። በየካቲት ዝውውራቸው ደረሰና ሄዱ፤ ተተኪ ሳይመጣ ሰኔ ገባ። ፈተናውን የወደቅነው እኛ ነን፤ መዳቢውንና አዛዋሪውን ግን የፈተነ የለም።

ችግሩ የቆየ ነው። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ጀመሩ፤ ብዙዎቹም አስተማሩ። ይህ ጉድለቱን በከፊል ሞላ፤ ነገር ግን በዓመቱ የሚሄድ አስተማሪ የተማሪዎቹን ስም ለይቶ ሳይጨርስ ይሰናበታል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. አስተማሪዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ትምህርት ዘርፉ የማሻሻያ ጥናት ቅር ተሰኝተው ሥራ አቆሙ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ አስተዳደሩ ወደ ታች እንዲወርድ፣ አስተማሪውም፣ ተማሪውም፣ ኅብረተሰቡም እንዲሳተፉበት ደነገገ። ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ የሚያሳድግ የዕድገት መሰላልም አለ። መሰላሉ ደመወዝን ከፍ ያደርጋል፤ በየካቲት ባዶ የቀረውን ክፍል ግን አይሞላም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዝውውር በዓመቱ መጨረሻ ይሁን። አስተማሪ በተማረው ይመደብ፤ ይህ ካልተቻለ ምክንያቱ በግምገማው ላይ ይጻፍለት። ዲሬክተሩ ነጥብ ከመስጠታቸው በፊት ክፍል ገብተው ይስሙ። የከተማው ሰው ለአዲሱ አስተማሪ ማደሪያ ይፈልግለት። ከነዚህ ብዙዎቹ በጀት አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ጥንቃቄ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች! ከመካከላችን ብዙዎቻችን ነገ ጠመኔ እንይዛለን፤ አንዳንዶቻችንም ማኅተም። ማኅተሙን የሚይዘው ሰው ያን ባዶ ክፍል ያስታውስ።