ወደ ቆላ ከመውረዳችን በፊት የራዲያተሩን ቬንትሌተር እንፈትሽ

ተሽከርካሪዎቻችን ከደጋው ወደ አፋር ቆላ ሲወርዱ ሞተራቸው ይበልጥ የሚፈተነው በአስፋልቱ ላይ ሳይሆን ወደ ቀበሌዎች በሚያስገባው ጥርጊያ መንገድ ላይ ነው። መኪና በፍጥነት ሲጓዝ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፤ በዝግታ ሲሄድ ወይም ቆሞ ሲሠራ ግን ይህን ተግባር የሚፈጽመው ቬንትሌተሩ ነው። ስለዚህ ብልሽቱ በአዲስ አበባ ቀዝቃዛ አየር ሳይታወቅ ቆይቶ፣ ጋራዥ በሌለበት በረሃ ሊገለጥ ይችላል። መድኃኒት ወይም ሕሙም የጫነ መኪና በዚያ ቢቆም ጉዳቱ የመኪናው ብቻ አይሆንም።

ፍተሻው ቀላል ነው። ቬንትሌተሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ፣ ሞተሩን አስነሥተን ኤሲውን ስንከፍት በአብዛኞቹ መኪናዎች ወዲያው መዞር ይጀምራል። ቀጥሎም ኤሲውን ዘግተን፣ መኪናው እንደቆመ ሞተሩ እስኪሞቅ እንጠብቅ፤ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ መሥመር ከማምራቱ በፊት ቬንትሌተሩ መነሣት ይኖርበታል። ካልተነሣ በመጀመሪያ ፊውዙን፣ ከዚያም ሪሌውን እናስፈትሽ።

በቺንጋ የሚዞረውንና ክላች ያለውን ቬንትሌተር ግን ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ በእጅ እናዙረው፤ ያለ አንዳች መያዝ በነፃ የሚሽከረከር ከሆነ ክላቹ ደክሟልና መካኒክ ይየው።

የኤሌክትሪኩ ቬንትሌተር ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በድንገት ሊነሣ ስለሚችል እጃችንን አናስጠጋ፤ የጋለ ራዲያተርም ክዳኑ አይከፈት።