ጉበት ያልለቀመው ቅባት

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1984 በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ ለስድስት ዓመቷ ስቶርሚ ጆንስ ልብና ጉበት በአንድ ቀዶ ሕክምና ተቀየረላት። በዓለም የመጀመሪያው ነበር። የቴክሳሷ ልጅ በዚያ ዕድሜዋ ሃርት አታክ ደርሶባታል፤ ኮሌስትሮሏም በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ1,000 ሚሊግራም በላይ ነበር። ለአዋቂ ሰው እንኳ ከ200 ባያልፍ ይመረጣል።

ልቧ መቀየሩ ይገባል፤ ተጎድቷልና። ጉበቷስ ምን አጠፋ?

መልሱ የተገኘው ዳላስ ውስጥ ነው። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ ሐኪሞች በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ ነገር ደረሱበት፤ ኮሌስትሮል ተሸክሞ በደም የሚዞረውን ኤልዲኤል እየያዘ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ተቀባይ በሕዋሳት ገጽ ላይ አለ። በ1985 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ይህን የመልቀም ሥራ በብዛት የሚሠራው ጉበት ነው። ስቶርሚ ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ዘረ መል ስለወረሰች ጉበቷ ኤልዲኤሉን መያዝ አቅቶት ነበር። አዲሱ ጉበት ሲገባላት ኮሌስትሮሏ በሳምንታት ውስጥ ወደ 300 ገደማ ወረደ። ቅቤና ሥጋ በመተው ብቻ እንዲህ ያለ ለውጥ አይመጣም። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ያህል ኖራ በ1990፣ በ13 ዓመቷ ዐረፈች።

እንደ እርሷ ከሁለቱም ወላጅ መውረስ እጅግ ብርቅ ነው። ከአንዱ ብቻ የወረሰ ግን ከ250 እስከ 300 ሰው መካከል አንድ አይጠፋም፤ ብዙዎቹም አያውቁትም። አያምም፣ እንቅልፍ አይነሳም። አንዳንዱ ላይ ብቻ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ይወፍራል፣ ወይም ዓይን ቆብ ላይ ቢጫ እብጠት ይወጣል። ኤልዲኤል ግን ለዓመታት የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይጠራቀማል። አንድ ቀን የተጠራቀመው ይፈነዳና ደም እዚያው ይረጋል፤ ልብ ላይ ከሆነ ሃርት አታክ፣ አንጎል ላይ ከሆነ ስትሮክ ነው።

ስለዚህ «እኔ ቀጭን ነኝ፣ ክትፎም አልወድ» ብሎ ምርመራ የሚተው ሰው ማስረጃው ደካማ ነው። እውነቱን ለመናገር ክትፎ ብቻውን ስሙ ጠፋ እንጂ የጾም ወጥም የሚቁላላበት የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ከቅቤ ጋር የሚመሳሰል ጠጣር ስብ ነው። ጾሙ ራሱ ይጠቅማል፤ ዘይቱ ይታሰብበት።

የላቦራቶሪው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ አራት መስመር ይዞ ይመጣል፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል፣ ኤችዲኤልና ትራይግሊሰራይድ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ትልቁ ጉዳይ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። «ጥሩ» የሚባለው ኤችዲኤል ከፍ ማለቱም ዋስትና አይሆንም፤ የመድኃኒት ኩባንያው ፋይዘር ኤችዲኤልን ከፍ የሚያደርግ ቶርሴትራፒብ የተባለ መድኃኒት ሲሞክር የሚወስዱት ሰዎች ይበልጥ ስለሞቱ ሙከራውን በ2006 አቁሟል። አራተኛው መስመር ደግሞ የራሱ ጸባይ አለው። ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ቢራና ያልተያዘ የስኳር ሕመም ያንሩታል፤ ከ1,000 ሲያልፍ ቆሽትን ክፉኛ ሊያስቆጣ ይችላል።

ስታቲን የሚባለው ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት የተጀመረው ከሻጋታ ነው። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሻጋታዎችንና መሰል ረቂቅ ተሕዋስያንን ሲፈትሽ ቆይቶ በ1973 የመጀመሪያውን ስታቲን አገኘ፤ ከዚያው ወገን የሆነው ሎቫስታቲን በ1987 አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ ተፈቀደ። ስታቲን ጉበት ራሱ የሚሠራውን ኮሌስትሮል ይቀንስበታል፤ ጉበትም እጥረቱን ለመሙላት ተቀባዮቹን አብዝቶ ከደም ይለቅማል። ዛሬ በየፋርማሲው ያለው አቶርቫስታቲን የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ምርመራ ጥሩ ሲመጣ «ዳንኩ» ብሎ ክኒኑን የሚያቆመው ነው። ቁጥሩ የወረደው መድኃኒቱ እየተወሰደ ስለሆነ፣ ሲቋረጥ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

አባቱ ወይም ወንድሙ ከ55 ዓመት፣ እናቱ ወይም እህቱ ከ65 ዓመት በፊት በልብ ሕመም የተመቱበት ሰው በወጣትነቱ ይመርመር። ኤልዲኤሉ ከ190 በላይ ከሆነ ወንድም እህቶቹና ልጆቹም አብረውት ይሂዱ፤ ነገሩ ከዘር የመጣ ከሆነ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው።