ያረጀ ውሻ ሶምሶማ

በቆጂ የምትታወቀው በሰው እግር ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከዚህች የአርሲ ከተማና ከዙሪያዋ ተነሥተው ነው የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቁት። በዚህ ታሪክ ውስጥ የውሻ ስም ከተነሣም በበጎ አይነሣም፤ ጎህ ሲቀድ ለልምምድ የሚወጣ ልጅ ድንጋይ የሚጨብጠው ለእሱ ነው። ከውሻ ማምለጥም እኮ ራሱን የቻለ የፍጥነት ልምምድ ነው።

ውሻ ግን ራሱ ሯጭ ነው። ልቡ ከሰውነቱ ክብደት አንጻር ሲታይ ከሰው ልብ ይተልቃል። መሮጥ ሲጀምር ጣፊያው ተኮማትሮ ያጠራቀመውን ቀይ የደም ሴል ወደ ደም ሥሩ ይለቅለታል፤ አየሩ በሳሳበት ደጋ ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም። በአላስካ በየዓመቱ በሚካሄደው የአይዲታሮድ ውድድር የበረዶ ጋሪ የሚጎትቱ ውሾች 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ።

የእኛ ግቢ ውሻ ዕጣ ሌላ ነው። ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፣ ሌሊት ተፈትቶ አጥር ለአጥር ሲጮኽ ያድራል። ስምንት ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ከኖረ በኋላ ባለቤቱ አንድ ቀን ስፖርት መሥራት ያምረውና ሰንሰለቱን ፈትቶ ይዞት ይወጣል። ውሻው በደስታ ይፈነጥዛል፣ ከፊት ከፊት ይሮጣል፤ በማግስቱ ከተኛበት መነሣት ያቅተዋል። ጥፋቱ የዕድሜው ብቻ አይደለም። ለዓመታት ያልሠራ ጡንቻ በአንድ ጠዋት የሯጭ ሥራ ስለተጠየቀ ነው።

ውሻ አረጀ የሚባለው መቼ ነው? እንደ ቁመናው ይለያያል። ግዙፍ ውሻ በስድስትና በሰባት ዓመቱ ሽማግሌ ነው፤ ትንሹ ግን አሥር ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሊጎረምስ ይችላል። በግቢዎቻችን የምናየው መካከለኛ ቁመት ያለው የአገር ውሻ ከስምንት ዓመቱ ወዲያ በጥንቃቄ ቢያዝ ጥሩ ነው። በዚህ ዕድሜ በመገጣጠሚያ ላይ ያለው ልስልስ አጥንት ይሳሳል፣ የኋላ እግር ጡንቻ ይከሳል፣ የልብ በር በደንብ አልገጥም ይላል። ዓይንና ጆሮም ይደክማሉ። የታኅሣሥ ውርጭ በወረደበት ጠዋት ከተኛበት ሲነሣ ጥቂት እርምጃ የሚያነክስና ሰውነቱ ሲሞቅ የሚተወው ውሻ የመገጣጠሚያ ሕመም ሳይጀምረው አልቀረም።

ስለዚህ ከሩጫው በፊት ምርመራ ይቀድማል። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ቀኑን ሙሉ ከበሬና ከበግ ጋር ቢውልም የልብ ማዳመጫው ያው ነው። ልቡን ያዳምጥ፣ መገጣጠሚያዎቹን እያጠፈና እየዘረጋ ይይ። ሌሊት የሚያስል ወይም በትንሽ እርምጃ የሚደክም ውሻ ከሆነ ይህን ሳይደብቁ መንገር ነው። ውፍረቱን ባለቤቱ ራሱ ማወቅ ይችላል፤ ጎኑን ሲዳብሰው የጎድን አጥንቶቹ ለእጁ ካልተሰሙት መጀመሪያ የሚቀነሰው ፍርፋሪው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሰው ሲደክመው ይቆማል፣ ሲያመው ለአሠልጣኙ ይናገራል። ውሻ አልቻልኩም አይልም። ጌታው እስከሮጠ ድረስ እያነከሰም ይከተላል፤ አደጋው ያለው እዚህ ታማኝነቱ ላይ ነው። ልኩን የሚወስነው ውሻው መሆን አለበት፤ ሰውየው በዚያ ቀን የራሱን ልምምድ ይርሳው። መሮጥ ካማረው ውሻውን ቤት መልሶ ብቻውን ይውጣ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእርምጃ ናቸው። ሩብ ሰዓት በሜዳ ላይ፣ ዘና ባለ እርምጃ፣ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን፣ በመሐሉ ረፍት። በማግስቱ ጠዋት ውሻው እንደወትሮው ተንጠራርቶ ከተነሣ ልኩ ትክክል ነበር ማለት ነው። ካነከሰ ወይም ለመነሣት ካመነታ በዛበት፤ ሁለት ቀን አሳርፎ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ግማሽ ሰዓት ያለ ችግር መሄድ ሲችል በእርምጃው መሐል አንድ ደቂቃ ሶምሶማ ይገባል፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃ እርምጃ፣ ከዚያ እንደገና ሶምሶማ። ጭማሪው በሳምንት ከአሥር እጅ አንድ እጅ ገደማ ቢሆን ይበቃል። ርቀትና ፍጥነት በአንድ ሳምንት አብረው አይጨመሩም። ከአቀበቱ ይልቅ ቁልቁለቱን ይፍሩ፤ ሲወርድ የሰውነቱ ክብደት በፊት እግሮቹና በትከሻው ላይ ይወድቃል።

ዕድሜ በራሱ በር አይዘጋም። ቀነኒሳ እ.ኤ.አ. በ2024 ለንደን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሲጨርስ 41 ዓመቱ ነበር። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲሮጥ የኖረ ሰው ነው፤ የእኛ ውሻ ዕድሜውን ሙሉ ታስሮ ነው የኖረው።

በቆጂ ለዚህ ሥራ የምትመች አገር ናት። ሣር የለበሰ ሜዳዋና የባሕር ዛፍ ጥላዋ ከአስፋልት ይልቅ ለመገጣጠሚያ ይራራሉ። አየሩም ቀዝቃዛ ነው፤ ይህ ለውሻ ትልቅ ነገር ነው። ውሻ ከመዳፉ በቀር አያልበውም፣ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። ጤነኛ ሙቀቱ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሲሆን ከ41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ቀትር ላይ ግን የደጋ ፀሐይም አይታመንም። ምላሱ ሰፍቶ ከተንጠለጠለ፣ ድዱ ደም ከመሰለ ወይም ከገረጣ፣ ወደ ኋላ መቅረት ከጀመረ ሩጫው አብቅቷል፤ ጥላ ሥር አስቀምጦ ሆዱንና እግሮቹን በውኃ ማርጠብ፣ ካልተሻለው ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ከቆላ የመጣ ውሻ ደግሞ ስሱን አየር እስኪለምድ ጥቂት ሳምንት ይሰጠው። አዝመራ በተሰበሰበበት ማሳ ውስጥ ያለፈ ውሻ መዳፉና ጆሮው ይፈተሽ፤ በገብስ ዛላ ጫፍ ላይ ያለው ሹል ፀጉር በጣቶቹ መሐል ገብቶ ሥጋው ውስጥ ይሰርጋል።

አመመው ብሎ ከቤት መድኃኒት መስጠት ደግሞ ክፉ ልማድ ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ሊገድሉም ይችላሉ። ጠግቦ በልቶ የሚሮጥ ውሻም፣ በተለይ ደረተ ጥልቅ ትልቅ ውሻ፣ ሆዱ ተነፍቶ ሊጠማዘዝበት ይችላል፤ ምግቡን ከሩጫው በኋላ፣ ትንፋሹ ሲረጋ ይስጡት።

መንገድ ላይ ውሻው በገመድ ይያዝ፤ አንገቱ ላይ ከሚታሰር ደረቱ ላይ የሚታጠቅ ይሻላል። ያላፊ አግዳሚውን ፍርሃት መናቅ አይገባም። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል፤ በየዓመቱ የማይከተብ ውሻ ይዞ ሜዳ የሚወጣ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የሰውንም ልጅ አደጋ ላይ ይጥላል።

ከከተማው በላይ ደግሞ ሌላ ጎረቤት አለ። ጭላሎ፣ ጋላማና ካካ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚሉ የአርሲ ተራሮች ናቸው፤ ከባሌ ቀጥሎ ቀይ ቀበሮ የቀረበት ዋና ቦታም ይኸው ነው። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ብቻ ሲሆኑ ሁሉም በኢትዮጵያ ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ወብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ ከነበሩት አብዛኞቹን ፈጅቷል፤ ኋላም ዲስቴምፐር የተባለው የውሻ በሽታ ተከትሎ ገድሏቸዋል። ሁለቱም ወደ ተራራው የሚወጡት በቤት ውሻ ነው። የበቆጂ ሜዳ ለአንድ ሽማግሌ ውሻ ከበቂ በላይ ነው፤ አንባቢ ሆይ፣ ውሻዎን ያስከትቡ፣ ወደ ተራራው ሲወጡ ግን ከቤት ትተውት ይውጡ።